ይበሰብሳል የተባለ ፌስታልን በጣና ውሃ እንዴት መፈተን ይቻላል? ውጤቱስ ስለ ባሕር ምን ይነግረናል?

አንድ ፌስታል ላይ «ይበሰብሳል» ተብሎ ሲጻፍ ነገሩ ገና በእንጥልጥል ነው። የት ነው የሚበሰብሰው? በስንት ዲግሪ ሙቀት? በምን ያህል ጊዜ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ጽሑፉ ለገዢው የሚያስጨብጠው ነገር የለም፤ መበስበስ የዕቃው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የወደቀበት ቦታ ጠባይም ነውና። ጉዳዩ በአገራችን ከሕግም ጋር የተያያዘ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ፌስታል ውፍረትና የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑን ስለሚገልጸው ምልክት ደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ከእንግዲህ በፌስታል ምትክ የሚቀርበው ዕቃ ሁሉ «ይህኛው እንኳ ይበሰብሳል» እየተባለ መምጣቱ የማይቀር ስለሆነ፣ አባባሉን ራስን ችሎ መመርመር መቻል ጠቃሚ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ በሐይቁ ዳር ለሚነግዱ ባለሱቆችና ለሎጅ ባለቤቶች ነው። የሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ወራት ይወስዳል።

በባሕር ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ሙከራውን በትክክል ለመሥራት በቅድሚያ የምንፈልገውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ባሕር ውስጥ ሲገባ ከሰዓታት እስከ ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ላዩን ረቂቅ ተሕዋስያን ይሰፍሩበትና ስስ አተላ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ። ላስቲኩ የተሠራበት ፖሊመር፣ ማለትም ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ሰንሰለት፣ እጅግ ረጅም ስለሆነ በባክቴሪያው ገላ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይለቅና ሰንሰለቱን እዚያው በደጁ ይቆራርጠዋል። የተቆረጡት አጫጭር ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገቡና፣ ኦክስጅን ካለ ከፊሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፣ ከፊሉ ደግሞ የባክቴሪያው አካል መገንቢያ ይሆናል። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሚቴን ሊወጣ ይችላል። ሳይንሱ «በሰበሰ» የሚለው ይህ የመጨረሻ ደረጃ ሲፈጸም ነው። ላስቲኩ ተሰባብሮ ከዓይን መሰወሩ ብቻ ከዚህ አይቆጠርም፤ እንዲያውም ተሰባብሮ ሳይበሰብስ የቀረ ላስቲክ ለዓሣ የሚመች መጠን ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ተራው ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ሰንሰለቱ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘበት ስለሆነ ኢንዛይሞች በቀላሉ የሚይዙት መገጣጠሚያ የለውም። ይበሰብሳሉ የሚባሉት በአብዛኛው ኤስተር የሚባል መገጣጠሚያ አላቸው፤ በእነሱም መካከል ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከበቆሎ ስታርችና ከስኳር በሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፒኤልኤ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ የፋብሪካ ኮምፖስት ውስጥ በወራት ያልቃል፤ በባሕር ውሃ ግን ብዙም ሳይነካ ይቆያል። ምክንያቱ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ ፒኤልኤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው ሰንሰለቱ ላልቶ ውሃ እንደ ልብ የሚገባበት። በተቃራኒው ባክቴሪያዎች ራሳቸው በገላቸው ውስጥ እንደ ስብ የሚያከማቹት ፒኤችኤ የተባለው የፖሊመር ቤተሰብ በባሕርም ይበሰብሳል፤ የዚህን ቤተሰብ የመጀመሪያ አባል ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ በ1920ዎቹ ነው ያገኘው። ከነዳጅ የሚሠራው ፒቢኤቲ ከስታርች ጋር ተቀይጦ ብዙ ኮምፖስት የሚሆኑ ፌስታሎች ይሠሩበታል። እንግዲህ «ከዕፅዋት የተሠራ» እና «የሚበሰብስ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከዕፅዋት ተሠርቶ በባሕር የማይበሰብስ አለ፣ ከነዳጅ ተሠርቶ የሚበሰብስም አለ።

ውፍረትም ይቆጠራል። ፒኤችኤ የሚበላው ከላይ ወደ ውስጥ ስለሆነ ስሱ ቶሎ ያልቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ በባሕር ውስጥ ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ በቀን ከ0.04 እስከ 0.09 ሚሊግራም እንደሚበላ አስልቶ፣ ከዚህ ዕቃ የተሠራ የውሃ ጠርሙስ ለመጥፋት ከዓመት ከመንፈቅ እስከ ሦስት ዓመት ተኩል እንደሚፈልግ ገምቷል። በዚሁ ስሌት ስስ ፌስታል በሳምንታት ሊያልቅ ይችላል። ያው ዕቃ፣ ያው ባሕር፣ ጊዜው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ኦክሶ የሚባለው ዓይነት ከሁሉም ተለይቶ መታየት አለበት። ይህ ተራ ፖሊኢትሊን ሆኖ የኮባልት፣ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ጨው የተጨመረበት ነው፤ ጨው ፀሐይና ሙቀት ሲያገኝ ላስቲኩን ቶሎ ያሰባብረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከለከለው፤ ክልከላው ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸንቷል። በእኔ ግምት በገበያችን «ይበሰብሳል» ከሚሉ ጽሑፎች ሁሉ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸኛው ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ሁለት ቀላል ምርመራዎች

ወደ ሐይቁ ከመውረድዎ በፊት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። የፖሊኢትሊን እፍጋት በአንድ ሚሊሊትር 0.92 ግራም ገደማ ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፒኤልኤ፣ ፒቢኤቲና ፒኤችኤ ግን ወደ 1.25 ስለሚጠጉ ይሰምጣሉ። ከፌስታሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው በብርጭቆው ውስጥ ያስገቡ። ስስ ላስቲክ በአየር አረፋ ተደግፎ ሊንሳፈፍ ስለሚችል ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ፣ ቁራጩን በወረንጦ ይዘው ከውሃው በታች በጣትዎ እያሹ አረፋውን ያራግፉ፣ ከዚያ ይልቀቁት። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ በእጅዎ ያለው ፖሊኢትሊን መሆኑ በጣም ያመዝናል። ከሰመጠ ግን ወዲያው መፍረድ አይገባም፤ ብዙ የኖራ ዱቄት የተቀላቀለበት ፖሊኢትሊንም ሊሰምጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምርመራ አዮዲን ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ቡናማ የቁስል አዮዲን በውሃ አቅጥነው በቁራጩ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ላስቲኩ ውስጥ ስታርች አለ። ይህ ምርመራ ጊዜው ሲደርስ ከሐይቅ በወጣው ናሙና ላይ ይደገማል። ስታርች ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላል፣ ከፊሉም ታጥቦ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ናሙና የክብደቱን ሲሶ ቀንሶ ሊወጣ ይችላል፣ የቀነሰው ግን ስታርቹ ብቻ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ ጠቁሮ የነበረው ናሙና ከሦስት ወር በኋላ አዮዲን ሲነካው ቀለሙን ካልለወጠ፣ ስታርቹ ሄዶ የላስቲኩ አጥንት ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ናሙናውን ማዘጋጀት

ሙከራው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይፈልጋል። አንደኛው የሚመረመረው ፌስታል ነው። ሁለተኛው ተራ ፌስታል ነው፤ እሱ በስድስት ወር እንደማይበሰብስ ስለሚታወቅ የእኛን ስሕተት መለኪያ ይሆናል። ሦስተኛው እንደሚበሰብስ የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ቀለም ያልተነከረ አቡጀዲ በቂ ነው። አቡጀዲው በስድስት ወር ውስጥ ካልሳሳና ካልተበጣጠሰ በመረጡት ቦታ ሕይወት ያለው ነገር በሚገባ እየሠራ አይደለምና ስለ ፌስታሉ የሚወጣው ውጤት ዋጋ የለውም። ብዙ የክበብ ሙከራዎች ሁለቱን ማነጻጸሪያዎች ትተው ፌስታሉን ብቻ ይቀብራሉ፤ እንዲህ ያለው ሙከራ ከመጀመሪያውም ባይደረግ ይሻላል።

ናሙናዎቹን 10 በ10 ሴንቲሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ እጀታውና ስፌቱ አይካተቱ። ሚዛኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 0.02 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፌስታል በዚህ ስፋት ተቆርጦ የሚመዝነው 0.18 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ፈጽሞ አያየውም፤ እስከ 0.01 ግራም የሚያነበው የወርቅ ሚዛንም ቢሆን በአንድ አኃዝ ልዩነት ከ5 በመቶ በላይ ይስታል። የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ አሥር ናሙናዎችን በአንድነት መዝኖ ማካፈል ይቻላል። እያንዳንዱ ናሙና ከመመዘኑ በፊት ለአንድ ቀን በጥላ ይድረቅ፤ አቡጀዲ በተለይ እርጥበት ስለሚስብ በዝናብ ቀንና በበጋ ቀን ክብደቱ አንድ አይሆንም።

ከክብደት ይልቅ ቀድሞ የሚናገረው ጥንካሬ ነው። ሰንሰለቱ ጥቂት ቦታ ላይ ሲቆረጥ ላስቲኩ ምንም ክብደት ሳይቀንስ ሊሰባበር ይጀምራልና። ስለዚህ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ቁራጮችም ያዘጋጁ፤ ሁሉም ከእጀታው ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ይቆረጡ፣ ላስቲክ በቁመትና በአግድም ጥንካሬው አንድ አይደለምና። አንዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ሰቅለው በሌላው ጫፍ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ያንጠልጥሉ፤ ከዚያ በሲሪንጅ ወይም በመለኪያ ብርጭቆ ቀስ እያሉ ውሃ ይጨምሩ። ላስቲኩ ሲበጠስ የገባው ውሃ በሚሊሊትር ያለው ቁጥር ያው በግራም የተሸከመው ክብደት ነው፤ የጠርሙሱ ክብደት ይደመርበታል። ለስስ ፌስታል ከጥቂት መቶ ግራም እስከ አንድ ኪሎ ግራም በሚደርስ ጭነት መበጠሱ የሚጠበቅ ነው።

በናሙናው ላይ በማርከር አይጻፉ፤ ቀለሙ ይታጠባል። እያንዳንዱ ናሙና በየራሱ የወንፊት ከረጢት ይግባና ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ በሚስማር ጫፍ ቁጥር የተጫረበት ምልክት ይያያዝበት። ከረጢቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ቢሠራ ይመረጣል። አጎበርም ያገለግላል፤ ነገር ግን አጎበር ራሱ ላስቲክ ስለሆነ ክሩ ተበጥሶ ከናሙናው ስብርባሪ ጋር እንዳይደባለቅ፣ ቀለሙ ከሚመረመረው ፌስታል ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት።

በሐይቁ ላይ ቦታ መምረጥ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል፣ ወንዞቹ ደለል ያመጡበታል፣ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቅ ያለ ነው። ለመበስበስ የሚመች ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

የውሃው ከፍታ ግን ወጥመድ አለው። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ኅዳር ላይ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ የተተከለ ናሙና ሚያዝያ ላይ በደረቅ ጭቃ ላይ ተሰጥቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሙከራው የውሃ መሆኑ ይቀርና የፀሐይ ሙከራ ይሆናል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ሲጀምሩ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ቦታ ይምረጡ፤ ይህም ጀልባ ይፈልጋል። ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚዘረጉበትን መስመር አስቀድመው ይጠይቁ፤ የእርስዎ ገመድ የሰው መረብ ቢይዝ ሙከራውም ጉርብትናውም ያበቃል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ማለዳና ማታ ወደዚያ አይጠጉ። እምቦጭ የሚነዳበት የባሕር ወሽመጥም አይመችም፤ አረሙ ፀሐዩንና ኦክስጅኑን ስለሚቀንስ፣ ነፋስ ሲገፋውም ተንሳፋፊውን ሁሉ ይዞ ስለሚሄድ። በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ ይገኛልና ተማሪዎች በባዶ እግር ውሃ ውስጥ እንዳይቆሙ፤ ቦቲ ጫማና ረጅም ጓንት ያስፈልጋል።

ናሙናዎቹ በሦስት ቦታ ይቀመጡ፦ በተንሳፋፊ ጀሪካን ታስረው ላይ ፀሐይ በሚያገኛቸው ስፍራ፣ በብረት ክፈፍ ላይ ተወጥረው በውሃው መካከል፣ እንዲሁም በድንጋይ ተጭነው በታችኛው ጭቃ ላይ። ለእያንዳንዱ ዕቃ በእያንዳንዱ ቦታ በአራት ጊዜ የሚወጡ ሦስት ሦስት ናሙናዎች ቢኖሩ ለአንዱ ዕቃ 36፣ ለሦስቱ ዕቃዎች 108 ይሆናሉ። የማውጫው ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት፣ በአንደኛው ወር፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ይሁን። ክፈፉን ከቀርከሃ አይሥሩት፤ ከናሙናው ቀድሞ ሊለቅ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ቤት ውስጥ የሚቀር አንድ ተጨማሪ ስብስብ አለ፤ በተቀቀለ የሐይቅ ውሃ ውስጥ፣ ክዳኑ በተዘጋ ጠርሙስ፣ በጨለማ የሚቀመጥ። ዓላማው ያለ ረቂቅ ተሕዋስያን ውሃው ብቻውን በላስቲኩ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ነው። እዚህ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያስታውሱ፤ ብዙ የባክቴሪያ ዘሮች ይህን ይቋቋማሉ። በግፊት የሚያበስል ድስት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቀቀል ይሻላል።

ማውጣት፣ ማጠብ፣ መመዘን

ናሙና ከውሃ ሲወጣ ገመዱን ብቻ ስቦ ማንሳት አይገባም፤ የሳሳው ላስቲክ በራሱ ውሃ ክብደት ይቀደዳል። ከታች ዝርግ ሳፋ አስገብተው ከነውሃው ያንሱት። የሁለተኛው ሳምንት ናሙና ሲወጣ የሚታየው ነገር ጀማሪን ያደናግራል፦ ተራው ፌስታል ሳይቀር ሲዳስሱት ያንሸራትታል፣ ቡናማ አረንጓዴ ቀለም ይዟል፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥም ከመጀመሪያው ከብዶ ይገኛል። የከበደው ደለሉና የሕያዋኑ ሽፋን ነው። ስለዚህ ናሙናውን በንጹሕ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ አሳድረው በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያጽዱት፣ ደግመው ያለቅልቁት፣ በጥላ ያድርቁት። በረኪና አይጠቀሙ፤ ላስቲኩን ራሱን ሊነካው ይችላል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ውስጥ አያድርቁ።

ከታጠበ በኋላም ተራው ፌስታል የክብደት ለውጥ ካሳየ ያ ለውጥ የሙከራው ስሕተት ነው። ተራው ፌስታል በ4 በመቶ ከብዶ ወይም ቀልሎ ከተገኘ፣ የሚመረመረው ፌስታል ላይ የታየ የ3 በመቶ ቅናሽ ምንም አይነግረንም። ይህን ሕግ ከመጀመሪያው ደብተር ላይ መጻፍ ይበጃል፤ ውጤት በጉጉት ሲጠበቅ ትንሽ ቁጥር ትልቅ መስሎ ይታያልና።

የደረቀውን ናሙና በመስኮት ብርሃን ፊት ይዘው ፎቶ ያንሱት። በባክቴሪያ የተበላ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ይሻክራል፣ ብርሃን ሲያልፍበት የተበሳሱና የሳሱ ቦታዎች ይታዩበታል፤ በፀሐይ የተሰባበረው ግን ላዩ ለስላሳ ሆኖ ጠርዙ ቀጥ ባለ መስመር የተሰነጠቀ ይሆናል። ይህ ፍጹም መለያ አይደለም፤ ከጭቃው ናሙናና ከተንሳፋፊው ናሙና ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ግን ብዙ ይረዳል። ከረጢቱ ውስጥ ናሙናው ከሌለ «በሰበሰ» ብለው አይመዝግቡ። «አልተገኘም» ብለው ይመዝግቡ።

የበሰበሰውን ከተሰባበረው መለየት

ክብደትም ጥንካሬም ዕቃው መለወጡን ብቻ ይናገራሉ። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጡን የሚያሳየው የጠርሙስ ሙከራ ነው፤ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎችም የሚመሠረቱት በዚሁ አሠራር ላይ ነው። አራት ሰፋፊ የማር ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በእያንዳንዳቸው እኩል መጠን ያለው የሐይቅ ውሃና አንድ ማንኪያ የታችኛው ጭቃ ይግባ። በአንደኛው ምንም አይጨመርም፣ በሁለተኛው አቡጀዲ፣ በሦስተኛው ተራ ፌስታል፣ በአራተኛው የሚመረመረው ፌስታል ይጨመራል፤ ክብደታቸው እኩል ይሁን። ከውሃው በላይ ትንሽ ክፍት ብልቃጥ ተንጠልጥሎ በውስጡ የጠራ የኖራ ውሃ ይቀመጥና ጠርሙሱ በሰም ይታሸጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የኖራ ውሃው ነጭ ዝቃጭ ይሠራል።

ባዶው ጠርሙስም ይነጣል፤ ጭቃው ራሱ ይተነፍሳልና። የሚፈለገው ከባዶው በላይ ያለው ልዩነት ነው። ብልቃጡ በየሳምንቱ ይለወጥ፤ ጋዙ ከበዛ ዝቃጩ መልሶ ስለሚሟሟ የነጣው ውሃ ጠርቶ ሊያታልል ይችላል። ጠርሙሱ ሲከፈትም አየር ስለሚገባ ኦክስጅኑ ይታደሳል። የኬሚስትሪ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የኖራ ውሃውን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተክቶ በአሲድ ቢለካው እውነተኛ ቁጥር ያገኛል። ለምሳሌ 0.2 ግራም ፒኤልኤ ግማሹ ካርቦን ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ቢበሰብስ 0.37 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ የተገኘው ለዚህ ሲካፈል የበሰበሰው መቶኛ ይወጣል። ኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ ለኮምፖስት ዕቃ የሚጠይቀው በስድስት ወር 90 በመቶ ነው፤ ያም በሞቃት ኮምፖስት ውስጥ ነው። ይህ ቁጥር የተጻፈበት ፌስታል ስለ ጣናም ሆነ ስለ ባሕር ቃል አልገባም።

ከጣና ውጤት ወደ ባሕር

አንድ ፌስታል በጣና በሰበሰ ማለት በባሕር ይበሰብሳል ማለት አይደለም፤ እንደ ነበረ መቆየቱም በሌላ ቦታ እንደ ነበረ ይቆያል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሞጅን ናፐርና ሪቻርድ ቶምፕሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። የተለያዩ ፌስታሎችን በአፈር፣ በባሕርና በክፍት አየር ለሦስት ዓመት አቆይተው ሲያዩ፣ ኮምፖስት ይሆናል የተባለው ፌስታል ባሕር ውስጥ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ጠፋ፤ ያው ፌስታል አፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላም ነበረ። «የሚበሰብስ» የተባለው ደግሞ ከሦስት ዓመት አፈርና ባሕር በኋላ የአስቤዛ ዕቃ ለመሸከም ይችል ነበር። በክፍት አየር ላይ የተሰቀሉት ሁሉ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተሰባበሩ።

በባሕር ውስጥም አንድ ቦታ ሌላውን አይመስልም። የሞቃት ባሕር ዳርቻና ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የሚሆነው ጥልቁ ባሕር በአንድ ስም መጠራታቸው ሊያሳስተን አይገባም። ፒኤልኤና ፒቢኤቲ ከባሕር ውሃ ስለሚከብዱ የሚያርፉት በዚያ ቀዝቃዛና ጨለማ ወለል ላይ ነው፤ ከመመዘኛዎቹ አንዳንዶቹ ግን የባሕር ውሃን የሚፈትኑት እስከ 30 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማንም ሻጭ ማሸጊያው ላይ አይጽፍም።

በባሕር ዳር ተቀምጦ ባሕርን ለመምሰል በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው መጨመር የሚያስቡ አሉ። ጨዋማነቱ ይመሳሰላል፤ የጣና ባክቴሪያ ግን በጨው ይጎዳል፣ የባሕሩ ባክቴሪያ ደግሞ በጠርሙሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከዚህ ሙከራ «አልበሰበሰም» የሚል ውጤት ቢወጣ የሚያሳየው የራሱን የሙከራውን ባዶነት ነው። በጂቡቲ በኩል ዘመድ ወይም ተባባሪ ትምህርት ቤት ያለው ክበብ ተመሳሳይ ክፈፍ እዚያ እንዲተከል ቢያደርግ ግን ከሁለቱ ውሃዎች የሚገኘው ንጽጽር እጅግ ጠቃሚ ይሆናል።

ደግሞም የእኛ ፌስታል ጉዞ ከጣና ጀምሮ በዓባይ ሲሄድ በጨረጨራ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በግብጽ ግድቦች በኩል ማለፍ አለበት። ከባሕር ዳር የተጣለው ሜዲትራንያን ከመድረሱ በፊት በደንገል ሥር፣ በደለልና በግድብ ወለል ሊቀር የሚችለው ብዙ ነው። በመሆኑም ለሐይቁ ዓሣዎች፣ ለቆሮሶውም ለአምባዛውም መጀመሪያ የሚያስፈልገን የጣና መልስ ነው።

ውጤቱን መጻፍ

ውጤቱ ሲጻፍ «ይበሰብሳል» ወይም «አይበሰብስም» የሚል ቃል ብቻውን አይቁም። አንድ ጥሩ የውጤት ዓረፍተ ነገር የዕቃውን ዓይነትና ውፍረት፣ ቦታውንና ጥልቀቱን፣ የውሃውን ሙቀት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የክብደትና የጥንካሬ ለውጡን፣ እንዲሁም ተራው ፌስታልና አቡጀዲው በዚያው ጊዜ የሆኑትን ይይዛል። ለምሳሌ፦ «0.02 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውና በአዮዲን የጠቆረ ፌስታል፣ በጭቃ ላይ፣ በ2 ሜትር ተኩል ጥልቀት፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት» ተብሎ ይጀመርና ቁጥሮቹ ይከተላሉ። የውሃውን ሙቀት ለመለካት ተራ ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ ወደ ታች መልቀቅ አይጠቅምም፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩን ይለውጣል። ውሃውን ከታች በጠርሙስ ቀድተው እዚያው ጀልባ ላይ ይለኩት።

ክፈፎቹ፣ ገመዱና ጀሪካኑ ግንቦት ሳያልቅ ተቆጥረው መውጣት አለባቸው፤ ሰኔ ውስጥ ዝናቡ ሲጠነክርና ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ ክፈፉን ለማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። ያልተገኘ ከረጢት ካለ ቁጥሩና የጠፋበት ቦታ በውጤቱ ላይ ይጻፍ።